ጌቩርትስትራሚነር፦ ሽታው ጽጌረዳ፣ መጨረሻው ምሬት። ለሀበሻ ማዕድ የትኛው ይሻላል?

ብርሌ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለሀበሻ ምግብ ቤት የመጠጥ ዝርዝር አንድ መዓዛማ ነጭ ወይን ለመጨመር ታስቦ ምርጫው ጌቩርትስትራሚነር ላይ አርፏል። ለሙከራ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ተከፈተ። አንዱ የፈረንሳይ አልዛስ ነው፣ አልኮሉ 13 በመቶ። ሌላው ከሰሜን ጣሊያን፣ ከደቡብ ቲሮል ነው፣ አልኮሉ 14.5 በመቶ። ሲሸቱ መንታ ናቸው፤ ጽጌረዳ፣ ላይቺ የሚባለው የእስያ ፍሬ፣ ከኋላ ደግሞ ዝንጅብል። አፍ ውስጥ ሲገቡ ግን አይተዋወቁም። የአልዛሱ እንደ ለስላሳ ጠጅ ይጣፍጣል። የጣሊያኑ ደረቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ምላስ የሚይዝ ምሬት አለው፣ ዶሮ ወጥ ተጎርሶ ሲጠጣ ደግሞ ጉሮሮ ያቃጥላል።

ሽታቸው አንድ ሆኖ ጣዕማቸው ለምን ተለያየ? ምሬቱ የወይኑ ጠባይ ነው ወይስ የአሠራር ጉድለት? ሳይከፈት፣ ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ብቻ ጣፋጩን ከደረቁ መለየት ይቻላል? በስንት ዲግሪ ይቅረብ፣ ከየትኛው ወጥ ጋር? የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ።


ዘለላ

ሰላም ብርሌ ወንድሜ። ግራ የሚያጋባው ሽታውና ስኳሩ አንድ ስለሚመስሉ ነው። ስኳር አይሸትም። የጽጌረዳና የበሰለ ፍሬ ሽታ ሲመጣ አፋችን ጣፋጭ ነገር ይጠብቃል፤ ልማድ ነው። ስለዚህ በሊትር 2 ግራም ስኳር ያለው ደረቅ ጌቩርትስ እና 40 ግራም ያለው ጣፋጩ በአፍንጫ ላይለዩ ይችላሉ። አፍንጫህን ይዘህ አንድ ጊዜ ተጎንጭ፤ ምላስህ ላይ የሚቀረው ስኳሩ፣ ኮምጣጣነቱና ምሬቱ ብቻ ነው። አፍንጫህን ስትለቅ ጽጌረዳው ተመልሶ ይመጣል። ለአስተናጋጆችም ይህን ማሳየት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ሽታውን የሚሰጡት ቴርፒን የሚባሉ ውህዶች ናቸው፤ ጄራኒዮል፣ ሲትሮኔሎል፣ ኔሮል፣ ሊናሉል። ከሁሉም በላይ ግን የጌቩርትስ መታወቂያ ሮዝ ኦክሳይድ ነው። ይኸው ውህድ በጽጌረዳ ዘይትም በላይቺ ፍሬም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ «ላይቺ ላይቺ ይላል» ሲባል የቀማሽ ቅኔ አይደለም፣ ያው ንጥረ ነገር ነው። ሊናሉል ደግሞ በድንብላልና በበሶብላ ውስጥ አለ። ሁለቱም በርበሬ ሲዘጋጅ የሚገቡ ናቸውና ይህ ወይን ከወጣችን ጋር የሚዛመድበት መንገድ ከዚህ ይጀምራል።

ዝርያው ሳቫኛ ከሚባል ጥንታዊ ወይን በተፈጥሮ ለውጥ የመጣ ነው። ስሙ ከሁለት ቃል ተጋጥሟል፤ «ጌቩርትስ» በጀርመንኛ ቅመም ማለት ነው፣ «ትራሚነር» ደግሞ በደቡብ ቲሮል ከምትገኘው ትራሚን ከምትባለው መንደር የተወሰደ ነው። ልጣጩ ሐምራዊ ቀላ ያለ ስለሆነ ነጭ ወይን ይባል እንጂ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ወርቃማ ነው፣ አንዳንዴም ነሐስ ይጫወትበታል። አንድ ነገር ልብ በል፤ በአልዛስ ሃይሊገንስታይን መንደር ክሌቭነር በሚል ስም የሚተከል ቀይ ልጣጭ ያለው ሳቫኛ አለ፣ መዓዛው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነጩ ሳቫኛ ደግሞ በፈረንሳይ ዡራ በሚባለው አካባቢ ቫን ዦን የሚባለውን የለውዝ ሽታ ያለው ወይን ይሰጣል። ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በጌቩርትስ ላይ ግን ሽታውን የሚያመርተው ዘረመል በተፈጥሮ ለውጥ በረታ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የአልዛስ ከሆነ ከ2021 የወይን ለቀማ ጀምሮ የስኳሩን ደረጃ መጻፍ ግዴታ ነው። «ሴክ» እስከ 4 ግራም በሊትር፣ «ደሚ ሴክ» ከ4 እስከ 12፣ «ሞዌለ» ከ12 እስከ 45፣ «ዱ» ከ45 በላይ። ከዚያ በፊት ለተመረተው እንዲህ ያለ ግዴታ ስላልነበረ እያንዳንዱ አምራች የመሰለውን ያደርግ ነበር። ለምሳሌ ዚንድ ሁምብረክት ከ2001 ጀምሮ ከ1 እስከ 5 የሆነ የራሱን ቁጥር ይጽፋል፤ 1 ደረቅ፣ 5 በጣም ጣፋጭ።

«ቫንዳንዥ ታርዲቭ» የሚል ካየህ ዘግይቶ የተለቀመ ነው። ለጌቩርትስ ሲለቀም ጭማቂው ቢያንስ 270 ግራም ስኳር በሊትር ሊኖረው ይገባል። «ሴሌክስዮን ደ ግራን ኖብል» ደግሞ ቦትራይቲስ የሚባለው ሻጋታ ካደረቀው ፍሬ ተመርጦ የተለቀመ ሲሆን ዝቅተኛው 306 ግራም ነው። ቁጥሩ የጭማቂው ነው፤ ከተብላላ በኋላ የሚቀረው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የመጀመሪያው አንዳንዴ እምብዛም ላይጣፍጥ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ጣፋጭ ነው፣ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ። «ግራን ክሩ» ስለ ስኳር ምንም አይነግርህም፤ ከ51ዱ ቦታዎች አንዱ ላይ በቅሏል ማለት ብቻ ነው።

ወረቀቱ ዝም ካለህ አልኮሉን ተመልከት። በአንድ ዓይነት ብስለት ከተለቀመ ፍሬ 14.5 የደረሰው ስኳሩን አብላልቶ ጨርሷል፣ 12.5 ላይ የቆመው ደግሞ ስኳር ትቷል ብለህ ልትጠረጥር ትችላለህ። ፍጹም ደንብ አይደለም፣ በቶሎ የተለቀመም 12.5 ሊሆን ይችላልና። ሆኖም ለጌቩርትስ ከብዙ ወይን ይልቅ ይሠራል።


ገምቦ

ብርሌ፣ የምሬቱን ነገር እኔ ልውሰድ። ሁለቱም ነው፤ ጠባይም ነው፣ ሲበዛ ደግሞ የአሠራር ጉድለት ነው። ቀጭን ምሬት፣ ከወይን ፍሬ ልጣጭ ማኘክ የሚመጣው ዓይነት፣ ደረቅ ጌቩርትስ ውስጥ ይጠበቃል፤ ኮምጣጣነቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወይኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። አፍ የሚያደርቅና ከተዋጠ በኋላም የማይለቅ ከሆነ ግን መጭመቂያው ወይም ልጣጩ ላይ የተበላሸ ነገር አለ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሽታው ውህዶች በብዛት ያሉት በልጣጩና ከልጣጩ ሥር ባለው ሥጋ ላይ ነው። ሠሪው ሽታ ሲፈልግ ልጣጩን መንካት አለበት። ልጣጩን ሲነካ ደግሞ መራራዎቹ ፊኖሎች አብረው ይመጣሉ። ሁለቱን የሚለያቸው ጊዜና ሙቀት ነው።

የተለመደው አካሄድ እንዲህ ነው። ዘለላው ጠዋት ማለዳ ወይም ሌሊት ይለቀማል፣ ፍሬው ከ15 ዲግሪ በታች ሆኖ እንዲገባ። ከግንዱ ተለይቶ በስሱ ይፈነዳል። በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨመርና ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ከልጣጩ ጋር ከ4 እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ሰዓቱ ካለፈ ወይም ሙቀቱ ወደ 20 ከወጣ ሽታው ብዙም ሳይጨምር ምሬቱ ይጨምራል። ከልጣጩ የሚወጣው ፖታሲየምም አሲዱን ይዞ ስለሚዘቅጥ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ያንሳል) ከፍ ይላል፤ ለዚህ ዝርያ ያ ክፉ ነው፣ ገና ከመጀመሪያው 3.6 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሊመጣ ይችላልና።

ከዚያ መጭመቅ። ያለ ግፊት የሚወርደውና በቀስታ የሚጨመቀው ለብቻው ይቀመጣል። ግፊቱ አንድ ባር ሲያልፍ የሚወጣውን በሌላ ጋን መቀበል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ መሣሪያ ሳይሆን ምላስ ነው ዳኛው። በየአሥር ደቂቃው ከመጭመቂያው አፍ በትንሽ ብርጭቆ ተቀብለህ ቅመስ፤ ጭማቂው ከሮዝ ቀለም ወደ ቡናማ ሲሸሽና ጣፋጩ ወደ ኋላ ሄዶ የምላስ ጠርዝ ሲኮማተር፣ በቃ፣ ቧንቧውን ወደ ሌላው ጋን አዙረው። ስግብግብነት እዚህ ጋር ይቀጣል። የመጨረሻዋ አሥር በመቶ ጭማቂ የቀረውን ዘጠና ታመርረዋለች።

የለቀማው ቀን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ጌቩርትስ ሽታውን የሚጨርሰው ዘግይቶ ነው፣ አሲዱን የሚጥለው ግን ቶሎ ነው። ሽታው ይምጣ ብለህ ስትጠብቅ ስኳሩ ይወጣል፣ አልኮሉ 14 ያልፋል፣ አሲዱም ይረግፋል። ፈርተህ ቀድመህ ከለቀምክ ደግሞ ልጣጩ ገና መራራ ነው። ስለዚህ ልጣጩን ለብቻ ማኘክ ነው። ሥጋውን ተፍተህ ልጣጩን ብቻ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል አኝክ፤ ሣር ሣር ካለህ ጠብቅ፣ ጽጌረዳ መስጠት ሲጀምርና ምሬቱ ሲሳሳ ጊዜው ነው። ከተለያየ ረድፍ፣ ፀሐይ ከሚያገኘውም ጥላ ውስጥ ካለውም ወገን መቅመስ ግድ ነው፤ ሁለቱ በሳምንት ሊለያዩ ይችላሉ። አልዛስ ለዚህ ዝርያ የተመቸችው የቮዥ ተራሮች ዝናቡን ስለሚይዙላት ነው፤ መኸሩ ደረቅና ረጅም ይሆናል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ መጠበቅ ይቻላል።

በመብላላቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ከ14 እስከ 18 ዲግሪ፣ ጭማቂው ጠርቶ ግን ውኃ እስኪመስል ሳይሆን፤ ከልክ በላይ ከጠራ እርሾው ምግብ አጥቶ መሀል ላይ ይቆማል። ማሎላክቲክ የሚባለው ሁለተኛው መብላላት እንዲጀምር አይፈቀድለትም። ያለችውን አሲድ ይበላትና ወይኑ ቅባት ብቻ ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከሽታው ውህዶች አብዛኛው ፍሬው ውስጥ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ነው ያለው፣ ሲጣበቅ ደግሞ አይሸትም። የሚፈታው ኢንዛይም ይሸጣል። ነገር ግን ግሉኮስ ሥራውን ስለሚያግደው መብላላቱ ሳያልቅ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። ስኳሩ ሲያልቅ ይጨመራል፣ በየጥቂት ቀኑ ይሸተታል፣ ልክ ሲሆን ቤንቶናይት በሚባል የሸክላ ዱቄት ይቆማል። ያለ ልክ ሲተው ወይኑ የሽቶ ብልቃጥ ይሆናል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ቤንቶናይቱ ለሌላም ያስፈልጋል። ጌቩርትስ ፕሮቲን የሚበዛበት ዝርያ ነው፤ ካልወጣለት ጠርሙስ ውስጥ ሙቀት ሲነካው ይደፈርሳል። ትንሽ ናሙና አጥርቶ በ80 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ በብርሃን ፊት ማየት ነው። ከደፈረሰ በሄክቶሊትር (በመቶ ሊትር) 50፣ 80፣ 100፣ 120 ግራም በትናንሽ ጠርሙስ እየሞከሩ ጥርት የሚያደርገውን ዝቅተኛ መጠን መምረጥ ነው። «ለማንኛውም ትንሽ ጨምርበት» የሚባለው ምክር ሽታውንም ይዞት ይሄዳል።

ያንተ የጣሊያኑ ጠርሙስ እንግዲህ፣ ምሬቱ ቀጭን ሆኖ ከጉሮሮ ወዲያው የሚለቅ ከሆነ ጤነኛ ነው። ያቃጠለህ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለወጥ ቤት ሰዎች ትቻለሁ።


ጉልቻ

ሰላም ብርሌ። ያቃጠለህ አልኮሉና በርበሬው ተጋግዘው ነው። የበርበሬን ማቃጠል አፍ ውስጥ የሚቀበለው ተቀባይ ነርቭ የሙቀትም ተቀባይ ነው፣ አልኮልም እሱኑ ይቀሰቅሳል። 14.5 በመቶ አልኮልና የዶሮ ወጥ በርበሬ አንድ ላይ ሲመጡ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ምሬቱ ደግሞ በርበሬ ባለበት አፍ ይጎላል። ስኳር ሁለቱንም ያረግባል። ስለዚህ ከቀይ ወጥ ጋር የሚቀርበው አልኮሉ ከ13 ያልበለጠ፣ ስኳሩ ከ15 እስከ 35 ግራም ያለው፣ ማለትም በአልዛሱ አጠራር «ሞዌለ» የሆነው ነው። ደረቁን ከዶሮ ወጥ አርቀው፤ መጥፎ ወይን ስለሆነ ሳይሆን ቦታው ስላልሆነ።

ግን ብዙ ሰው ጌቩርትስ ሲባል «ለቅመም ምግብ» ብሎ ያልፋል። የእኛ ምግብ ላይ ሌላ ችግር አለ፣ እሱም እንጀራው ነው። እንጀራ ኮምጣጣ ነው። ምግቡ ሲኮመጥጥ ወይኑ ከነበረው ያነሰ ኮምጣጣ ሆኖ ይቀመሳል። ጌቩርትስ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው አሲዱ ትንሽ ነው። ሦስት ቀን የቆየ ጥቁር ጤፍ እንጀራ ላይ 40 ግራም ስኳር ያለው ጌቩርትስ ሲጠጣ ሽሮፕ ይመስላል። በዚያው ጉርሻ ላይ 20 ግራም ያለው ልክ ይሆናል። ስለዚህ ሙከራህን ያለ እንጀራ ወጡን በማንኪያ ቀምሰህ አትወስን፤ ያ ከሌላ ማዕድ ጋር መሞከር ነው። ቤቱ በሚያቀርበው እንጀራ፣ በሚያቀርበው ቀን እርሾ፣ ጎርሰህ ጠጣ።

ከወጦቹ መካከል አንደኛ የምለው አልጫ ነው። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ በርበሬ የለ። የበግ አልጫ ካለ ደረቁን የጣሊያን ጌቩርትስ ለእሱ አቅርበው። የሚያቃጥል ነገር ስለሌለ አልኮሉ አይረብሽም። ስቡ ምሬቱን ይሸፍነዋል፣ ዝንጅብሉ ከወይኑ ዝንጅብል ጋር ይገናኛል። ቀጥሎ ክትፎ። ኮረሪማውና ንጥር ቅቤው የተዘጋጁለት ይመስላሉ፣ ግን ሚጥሚጣው መጠነኛ መሆን አለበት፤ ሚጥሚጣ ከበዛ ወደ ሞዌለው ተመለስ። አይቡን አጠገቡ ማድረግ አትርሳ፤ አልዛሶች ራሳቸው ሙንስተር ከሚባለው ሽታው ኃይለኛ አይባቸው ጋር ነው የሚጠጡት። ምስር ወጥና ሽሮ ከሞዌለው ጋር ይሄዳሉ። ጎመን አትሞክር፤ የጎመኑ ምሬት ከወይኑ ምሬት ጋር ይደመራል። ጥብስ በሮዝመሪና በቃሪያ ሲሆን ወደ ሌላ ወይን መሄድ ይሻላል፣ ጌቩርትስ ላይ ሥጋው ይጠፋል።

ጨውም ምሬት ይቀንሳል። ወጡ ላይ ጨው ካነሰ ወይኑ ይመራል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ወይኑ ላይ ይለጠፋል እንጂ ድስቱ ነው ያጠፋው።

ሙቀቱ፦ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ለጣፋጩ፣ ከ10 እስከ 12 ለደረቁ። ፍሪጅ 4 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ወዲያው ሲቀዳ ሽታው ተኝቶ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ከፍሪጅ አውጥቶ 20 ደቂቃ ያህል መተው። ከመደርደሪያ ከሆነ ግማሽ በረዶ ግማሽ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን በደንብ ስለማይነካው ይዘገያል። ከ14 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አልኮሉ ከሽታው ቀድሞ አፍንጫ ይመታል። ብርሌህን አውቃለሁ፣ ስምህም ነው፤ ግን ይህን ወይን በብርሌ አትቅዳ። አንገቱ ጠባብ ሆኖ ከንፈሩ ስለሚከፈት አፍንጫ ቦታ አያገኝም። አፉ ከሆዱ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ፣ አንድ ሦስተኛው ብቻ ተሞልቶ።


ጠጅ_ሳር

ከጉልቻ ጋር በአልጫውና በክትፎው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በቀዩ ወጥ ላይ ግን አልስማማም። አንድ መዓዛማ ነጭ ብቻ ነው ዝርዝሩ ላይ የሚገባው ከተባለ ደሚ ሴክ ሪስሊንግ (ሌላ ነጭ የወይን ዝርያ) ይግባ እላለሁ። እንጀራው አሲድ ይቀንሳል ካልን አሲድ ያለው ወይን ነው የሚያስፈልገው። ሪስሊንግ ከስኳሩ ጋር አሲድ ይዞ ስለሚመጣ ከኮምጣጣው እንጀራ በኋላም ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አልኮሉም ከ9 እስከ 12 ይገኛል። ጌቩርትስ በሁለተኛው ብርጭቆ ይሰለቻል፤ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ የሚያድስ ነገር የለውም።

ሌላም ላንሳ። ጌቩርትስ ነው ብለው የሚሸጡልህን ከሌሎቹ ለመለየት፦ ሙስካት ትኩስ የወይን ፍሬ ራሱን ይሸታል፣ እንደ ዘቢብ ሳይሆን ገና ከዘለላው እንደተቆረጠው። ቪዮኜ ኮክና አፕሪኮት ነው፣ ጽጌረዳ የለውም። የአርጀንቲናው ቶሮንቴስ በአፍንጫ ይቀራረባል፣ የሙስካት ልጅ ነውና፤ አፍ ውስጥ ግን ቀለል ይላል፣ ያ ከባድ ቅባትነት የለውም። ከፍታ ላይ ካለችው ካፋያቴ የሚመጣው ደረቅ ቶሮንቴስ ለጾም በያይነቱ ከጌቩርትስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።


ጉልቻ

ጠጅ ሳር፣ የአሲዱ ነገር ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ግን ጠጅ የለመደ አፍ አሲድ አይፈልግም። የጠጅ ጠባይ ምን ነበር? የማር ሽታ፣ ለስላሳ አካል፣ ከጌሾ የሚመጣ ምሬት፣ ትንሽ ጣፋጭ። ሞዌለ ጌቩርትስ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ አበባ ይሸታል፣ ወፍራም ነው፣ ከልጣጭ የሚመጣ ምሬት አለው፣ ስኳሩ ይሸፍነዋል። ሪስሊንግ ለጠጅ ጠጪ «ሎሚ የተጨመቀበት» ነው የሚሆንበት። ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ ቢገቡ አይጣሉም፤ አንድ ብቻ ከሆነ ግን የሀበሻ ደንበኛ የሚመለስለት ጌቩርትስ ነው። የሰለቸው እንደሆን 125 ሚሊ ቅዳለት፣ 175 አትቅዳ።


ገሊላ

በእስራኤል ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጌቩርትስትራሚነር እዚህ በጎላን ከፍታ ይመረታል፣ ከፊል ጣፋጭም ስለሚገኝ ለቀይ ወጥ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጎላን ሃይትስ ወይን ፋብሪካ ያርደን በሚለው ስሙ ሥር «ሃይትስዋይን» የሚባል ጣፋጭ አለው። ከጌቩርትስ ነው የሚሠራው፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ ይጨመቃል፤ ውኃው በረዶ ሆኖ ስለሚቀር የሚወጣው ጭማቂ ወፍራም ነው። ያ ግን ከወጥ ጋር አይደለም፤ ከምግብ በኋላ፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ከብርቱካን ወይም ከፓፓያ ጋር።

«መቩሻል» የሚል ከተጻፈበት ጭማቂው ወይም ወይኑ በሙቀት ታክሟል ማለት ነው። የአይሁድ የምግብ ሕግ (ኮሸር) ለሚጠበቅበት አንዳንድ ማዕድ እሱ ግዴታ ስለሆነ ይፈለጋል። ሌላ ምርጫ ካለ ግን መዓዛው ዋናው በሆነ ወይን ላይ ያልታከመውን እመርጣለሁ።


ብርሌ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ውሳኔው ወደ ሞዌለው አልዛስ እያዘነበለ ነው፣ ደረቁ ለአልጫና ለክትፎ ይቀመጣል። ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ በብርጭቆ ስለሚሸጥ አንዴ የተከፈተ ጠርሙስ ስንት ቀን ይቆያል? ሁለተኛ፣ ከተላከው ካርቶን ውስጥ አንዱ ጠርሙስ ታች ላይ እንደ ተሰባበረ መስታወት የመሰለ ብናኝ አለው። ሦስተኛ፣ አንዱ ጠርሙስ ሲከፈት ጽጌረዳ ጭራሽ የለውም፤ ከእርጥብ ካርቶን በቀር ምንም አይሸትም።


ገምቦ

በቅደም ተከተል ልሂድ።

የተከፈተው፦ ቡሹን መልሰህ፣ ቆሞ፣ ፍሪጅ ውስጥ። ደረቁ ሦስት ቀን፣ ሞዌለው አራትም አምስትም ይቆይልሃል። ጠርሙሱ ከግማሽ በታች ከወረደ አየሩ ስለሚበዛ ጊዜው ያጥራል። የቀረውን ወደ ትንሽ፣ 375 ሚሊ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልቶ መገልበጥ ከየትኛውም የአየር መምጠጫ ፓምፕ ይሻላል፤ ፓምፑ አየሩን ሲስብ ሽታውንም ይስባል፣ የዚህ ወይን ሀብት ደግሞ እሱ ነው። መሄዱን የምታውቀው ጽጌረዳው ወደ ቆረፈደ አበባ ሲለወጥና ቀለሙ ሲጠቁር ነው። የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ልማድ ይሁን።

ብናኙ፦ መስታወት አይደለም፣ ስኳርም አይደለም። የወይን አሲድ ከፖታሲየም ጋር ሆኖ ቅዝቃዜ ላይ የሚሠራው ጨው ነው፣ ታርትሬት ይባላል። ጣትህ ላይ አድርገህ ጥርስህ መካከል ብትነክሰው ይፈርሳል፣ ይኮመጥጣል። አይጎዳም። ጠርሙሱን አንድ ቀን አቁመህ፣ ሳታናውጥ ቀድተህ የመጨረሻዋን አንድ ጣት ያህል ወይን ከአተላው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ተዋት። ልብ የምትለው ሌላ ነገር ነው፤ ስኳር ያለው ወይን ደፍርሶ፣ ሲከፈት ፉጨት አሰምቶ አረፋ ካወጣ ያ ታርትሬት አይደለም፣ ጠርሙስ ውስጥ ዳግመኛ መብላላት ጀምሯል። ስኳር የቀረበት ወይን ሲታሸግ እርሾው በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ካልወጣ ይሄ ይደርሳል። ቡሹም ወደ ላይ ገፍቶ ታየዋለህ። ያን ለደንበኛ አታቅርብ፣ ሻጩ ይቀበልህ። ቡሹ ገፍቶ ወይኑ ግን ጸጥ ያለና የተቀቀለ ማር የሚሸት ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይ ወይም መጋዘን ውስጥ ሙቀት አግኝቶታል።

እርጥብ ካርቶኑ፦ ቡሹ ነው። ቲሲኤ የሚባል ውህድ ከቡሽ ወጥቶ ሽታውን ገድሎታል። በጣም በጥቂቱ ሲሆን ካርቶን አይሸትም፣ ጽጌረዳውን ብቻ ያጠፋል። በጌቩርትስ ላይ ይህን መያዝ ቀላል የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ጽጌረዳ የማይሸት ጌቩርትስ ሲያጋጥምህ መጀመሪያ ቡሹን ጠርጥር። አየር ሲያገኝ ይብሳል እንጂ አይሻለውም። አስተናጋጁ እያንዳንዱን አዲስ ጠርሙስ ከመቅዳቱ በፊት 20 ሚሊ ቀድቶ ይሽተት፤ ካርቶን ካለ ወይም ጽጌረዳው ከሌለ ቡሹን መልሶ ያስቀምጠውና ከነወይኑ ለሻጩ ይመለስ።


ዘለላ

በገምቦ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር ብርሌ። ስታዝዝ ዓመቱን አትርሳ። ለብርጭቆ ሽያጭ የሚሆነው ሞዌለ ከተለቀመ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ቢጠጣ ይሻላል፤ ከዚያ ጽጌረዳው ወደ ደረቅ አበባ፣ ወደ ማርና ወደ ቅርንፉድ ይሄዳል። መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው ሰው የተነገረውን አያገኝም። ግራን ክሩና ዘግይቶ የተለቀመው አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ቪንትሰንሃይም አጠገብ ካለው ሄንግስት ከሚባለው ግራን ክሩ የሚመጣው በተለይ ወጣት ሳለ ከባድና ዝግ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። እሱን በጠርሙስ እንጂ በብርጭቆ አትሽጠው። ካርቶን ከማዘዝህ በፊት ደግሞ ከአንድ ዓመት አንድ ጠርሙስ ብቻ አስመጣና በቤቱ እንጀራ ሞክረው፤ የአምራቹ ስም ያው ሆኖ ስኳሩ ከዓመት ዓመት በ10 ግራም ሊዘል ይችላል።